ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ነርሷ በአልጋ ዳር የምታነሳው አልትራሳውንድ ምን ያሳያል? የትስ ላይ ያሳስታል?

የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በስድስተኛው ቀን ጠዋት «ዛሬስ ሰውነቴ ዝሏል፤ ምግብም አላሰኘኝም» አለ እንበል። ትናንት 84 የነበረው የልብ ምቱ ዛሬ 108 ደርሷል። የደም ግፊቱ 105 በ70 ነው፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ትኩሳት የለውም። ሽንቱ ግን ከሌሊት ጀምሮ ቀንሷል። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከወጣ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቤቱ ሊሄድ ሻንጣው ተሰናድቷል።

ድካሙ ከደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ያለ ቀዶ በኋላ ብዙዎችን የሚያጋጥመው የልብ ምት መዛባት ሊሆንም ይችላል። በሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ይሆናል። በልቡ ዙሪያ ደም እየተጠራቀመ ልቡን እያፈነው ከሆነ ግን (ሐኪሞች ታምፖናድ ይሉታል) የቀረው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። እነዚህን አራቱን በማዳመጫ ብቻ መለየት አይቻልም። ኤክስሬይ ተራ ይጠብቃል፤ የልብ ሐኪሙ ቀዶ ክፍል ወይም ተመላላሽ ክፍል ሊሆን ይችላል። በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ይዛ አልጋው ዳር የቆመች የሠለጠነች ነርስ ግን «በልቡ ዙሪያ ፈሳሽ ይታያል?» «በሳንባው ዙሪያስ?» ለሚሉት ጥያቄዎች በ10 ደቂቃ ገደማ መልስ ልታመጣ ትችላለች።

የዚህ ምርመራ ጉልበቱም ገደቡም እዚሁ ላይ ነው። ነርሷ የምትመልሰው አስቀድሞ የተወሰነ ጠባብ ጥያቄ ነው። ቫልቩ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ የልብ ጡንቻው ምን ያህል እንደሚጨመቅ መመዘን የልብ ሐኪሙ የሙሉ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሥራ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሆስፒታል በሽተኛውንም ነርሷንም ይጎዳል።

ለምን ነርስ?

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሽተኛው በማሽን ተከቦ ነው የሚውለው፤ ከደረቱ የሚወጣው ደም በቱቦ እየፈሰሰ በየሰዓቱ ይለካል። አደጋው ግን በዚያ አያበቃም። በልብ ዙሪያ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከቀዶው በኋላ በ10ኛው ቀን አካባቢ ነው። ያኔ ቱቦዎቹ ከወጡ ቆይተዋል፤ በሽተኛው ተራ ክፍል ውስጥ ነው፣ አለዚያም ቤቱ ገብቷል። በእነዚህ ቀናት በሽተኛውን ጠዋትና ማታ የምታየው፣ የትናንቱን ከዛሬው የምታነጻጽረው ነርሷ ናት።

በመካከለኛው ኖርዌይ የሚገኘው የሌቫንገር ሆስፒታል ባለሙያዎች ይህንኑ ፈትነዋል። ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች በኪስ በምትያዝ አልትራሳውንድ የልብ ቀዶ የተደረገላቸውን ሰዎች የሳንባና የልብ ዙሪያ አዩ፤ ያዩት ነገር የልብ ሐኪም በትልቁ መሣሪያ ከሠራው ምርመራ ጋር ተነጻጸረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት ነርሶቹ ፈሳሹን በጥሩ ሁኔታ መለየት እንደሚችሉ አሳይቷል። ጥያቄው ጠባብ በመሆኑ ነው የተሳካው፦ ፈሳሽ አለ ወይስ የለም፣ ካለስ ምን ያህል።

መሣሪያው እንዴት ያያል?

ፕሮቡ (በቆዳ ላይ የሚደረገው የመሣሪያው ክፍል) የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ለልብና ለሳንባ ዙሪያ የሚያገለግለው ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርትዝ ነው። ድምፁ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዝና እየነጠረ ሲመለስ ማሽኑ በጊዜው ልክ ርቀቱን አስልቶ ሥዕል ይሠራል። ፈሳሽ ድምፁን ሳይመልስ ስለሚያሳልፈው ጥቁር ሆኖ ይታያል። አጥንት መልሶ ያንጸባርቀውና ከኋላው ጥላ ይጥላል። አየር ደግሞ የአልትራሳውንድ ጠላት ነው፤ ጄል የሚቀባው በፕሮቡና በቆዳው መካከል ያለችውን ትንሽ አየር ለማስወጣት ነው። በቁስሉ ላይ ባለ ፋሻ በኩል ምንም የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጨርቁ ውስጥ አየር አለ።

ሳንባ፦ ከዚህ መጀመር ይቀላል

በሽተኛው መቀመጥ ከቻለ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፤ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ይያዝ። ሲነሳ ክንዱን ይዞ መሳብ አይገባም። በሽቦ የታሰረው የደረት አጥንት ለመግጠም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ አንድ ክንድ መሳብ ግጣሙን ያነቃንቃል። የሕመም ማስታገሻው ሠርቶ ቢጠበቅ መልካም ነው፤ የሚያመው ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ በደንብ ካልተነፈሰ ደግሞ ሥዕሉ ይበላሻል።

ጥልቀቱን 15 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ አድርጎ፣ የፕሮቡን ምልክት ወደ ራስ አዙሮ፣ ከብብት ኋለኛ ጫፍ ቀጥታ ወርዶ በታችኞቹ ጎድኖች መካከል ማስቀመጥ ነው። በቀኝ በኩል ጉበት፣ በግራ ጣፊያ ይገኛል። ከእነሱ በላይ ያለው ደማቅ ቅስት ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም ነው። ድያፍራሙን ሳያገኙ «ፈሳሽ አለ» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከድያፍራም በታች ያለ ጥቁር ነገር የሆድ ውሃ እንጂ የደረት አይደለም። በግራ በኩል በምግብና በፈሳሽ የተሞላ ጨጓራም ጀማሪን ያታልላል።

ጤናማ ሳንባ ሲተነፍስ እንደ መጋረጃ ወርዶ ጉበቱን ይሸፍናል። ከድያፍራሙ በላይ ያለው የጀርባ አጥንትም አይታይም፤ አየሩ ይጋርደዋል። ፈሳሽ ካለ ግን መጋረጃው አይወርድም፤ በቦታው ጥቁር ክፍተት ይታያል፣ በውስጡ የተጨመቀው የሳንባ ጫፍ ይወዛወዛል፣ የጀርባ አጥንቱም ከድያፍራሙ በላይ ወደ ላይ ቀጥሎ ይታያል። ይህ የአጥንት ምልክት ከሁሉም ይልቅ የሚታመን ነው፤ ነርሶች መጀመሪያ እሱን መፈለግ ቢለምዱ እንመርጣለን።

ፈሳሽ በግራ በኩል ይበዛል። ለልብ መተላለፊያ ቀዶ (ባይፓስ) ከደረት ግድግዳ ውስጠኛ ክፍል የደም ሥር ሲወሰድ የግራው የሳንባ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ይከፈታል። ቆሞ ወይም ተቀምጦ የተነሳ የፊት ኤክስሬይ 200 ሚሊሊትር ገደማ እስኪሞላ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ አልትራሳውንድ ከዚያ በጣም ያነሰውን ያያል።

መጠኑን ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት አለ። ጀርባው 15 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ በተጋደመ ሰው ላይ፣ ትንፋሽ ሲወጣ በሳንባውና በደረት ግድግዳው መካከል ያለው ትልቁ ክፍተት በሚሊሜትር ይለካና በ20 ይባዛል። 25 ሚሊሜትር ከሆነ 500 ሚሊሊትር ገደማ ማለት ነው። ስሌቱ የተገኘው ግን ተጋድመው በማሽን ከሚተነፍሱ በሽተኞች ነው። በተቀመጠ ሰው ላይ ፈሳሹ ወደ ታች ስለሚወርድ ቁጥሩ ከእውነቱ ይርቃል። ዛሬ ተቀምጦ ነገ ተጋድሞ የሚለካ በሽተኛ በወረቀት ላይ «ሲብስበት» ወይም «ሲሻለው» ይታያል፤ በእውነት ግን የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን አቀማመጡ መጻፍ አለበት፤ ክትትሉም በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ይሁን።

የደረት ቱቦ ከወጣ በኋላ አየር ገብቶ እንደሆነ ለማየት ደግሞ በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ፕሮቡ በደረቱ ፊት ላይ ይደረጋል። የሳንባው ሽፋን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ከሆነ በዚያ ቦታ ላይ አየር አልገባም። መንሸራተቱ ከጠፋ ግን «አየር ገብቷል» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የተጣበቀ ሽፋን ወይም አየር የማይገባው የተኮማተረ ሳንባም አይንሸራተትም። ሐኪም ይጠራ፣ ኤክስሬይ ይነሳ።

የልብ ዙሪያ፦ ጥንቃቄው ሁሉ እዚህ ነው

በጣም የተለመደው መስኮት ከደረት አጥንቱ ጫፍ በታች ነው። በሽተኛው ተጋድሞ ጉልበቱን ያጥፍ፤ ሆዱ እንዲላላ ነው። ፕሮቡ ሆዱ ላይ ሊተኛ እስኪቀርብ ዝቅ ይልና ወደ ግራ ትከሻ ይመለከታል። ጥልቀቱ መጀመሪያ ከ16 እስከ 18 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ጠባብ ጥልቀት ከልብ ኋላ ያለውን ይቆርጣል። በዚህ ሰው ላይ ችግር የሚሆነው የደረት ቱቦዎቹ የገቡበት ቦታ እዚያው መሆኑ ነው፤ ፋሻ፣ ሕመምና አየር ይኖራል። ስለዚህ ከግራ ጡት በታች ከልብ ጫፍ ማየትንም መቻል ያስፈልጋል፤ በሽተኛው ጀርባው ላይ ትራስ ተደግፎለት ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ከደረት አጥንቱ ግራ ዳር ያለው ሦስተኛው መስኮት ቁስሉ ስለሚቀርበው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጥቁሩ ክፍተት የሚለካው ልብ በተዝናናበት ቅጽበት ነው። ከ10 ሚሊሜትር በታች ትንሽ፣ ከ10 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 በላይ ብዙ ይባላል። ይህ ቁጥር ግን ከቀዶ በኋላ ብቻውን አይበቃም። ለወራት ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ታግሦ የሚኖር ሰው አለ፤ በፍጥነት የፈሰሰ ከ100 እስከ 200 ሚሊሊትር ደም ደግሞ ልብን ያቆማል። ወሳኙ ፍጥነቱ ነው። በቀዶ ጊዜ የልብ ከረጢቱ ተከፍቶ ስለነበር ፈሳሹም በልቡ ዙሪያ እኩል አይከፋፈልም። በአንድ ጥግ፣ ብዙ ጊዜም ከልብ ኋላ፣ ይደበቅና አንዱን የልብ ክፍል ብቻ ይጫናል። የረጋ ደም ከሆነ ደግሞ ጥቁር አይደለም፤ እንደ ጉበት ግራጫ ሆኖ ከአካባቢው ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። ለዚህ ነው ፎርሙ ላይ ሦስት ምርጫ መኖር ያለበት፦ «አለ»፣ «የለም»፣ «በደንብ ማየት አልቻልኩም»። ሦስተኛው ምርጫ ከሌለ፣ ያልታየው ሁሉ «የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ በሽተኛውም በዚያ ወረቀት ተማምኖ ይሸኛል። ምልክቱ ያለበት ሰው ሥዕሉ ንጹሕ ቢመስልም ሙሉ ኢኮ፣ ካልበቃም በጉሮሮ በኩል የሚገባው ኢኮ ወይም ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል።

ከልብ ኋላ ጥቁር ሲታይ የግራ ሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ ይሁን የልብ ዙሪያ መለየት አለበት። ከደረት አጥንቱ ዳር ካለው መስኮት ሲታይ ከልብ ኋላ የምትገኘው ክብ ወራጅ ዋና ደም ቧንቧ ትረዳለች፤ የልብ ዙሪያ ፈሳሽ በልቡና በቧንቧዋ መካከል ይገባል፣ የሳንባው ከቧንቧዋ ኋላ ይቀራል። ከልቡ ፊት ብቻ የሚታይ፣ ነጠብጣብ ያለውና ከልቡ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ስስ ንጣፍ ብዙውን ጊዜ ስብ ነው። የብርሃኑ መጠን ከፍ ተደርጎ ከተተወም እውነተኛው ፈሳሽ ግራጫ ይመስላል፤ በልብ ክፍሎች ውስጥ ያለው ደም ጥቁር እስኪሆን ዝቅ ማድረግ ነው።

ወደ ልብ የሚገባው የታችኛው ትልቁ የደም መላሽ ሥርም አጋዥ ነው። ከልቡ 1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ርቆ ይለካል። ከ2.1 ሴንቲሜትር በላይ ሰፍቶ፣ በሽተኛው በአፍንጫው ሳብ ሲያደርግ ከግማሽ በታች ብቻ ከጠበበ በቀኙ የልብ ክፍል ያለው ግፊት ከፍ ብሏል ማለት ነው። የቆየ የሳንባ ደም ግፊት ያለበት ወይም በማሽን የሚተነፍስ ሰው ግን ሥሩ ሁልጊዜም ሰፊ ሊሆን ይችላል። ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ ልቡ እየታፈነም ሥሩ ላይሰፋ ይችላል።

በጣም የሚያስፈራን ስሕተት ላሲክስ፣ ማለትም ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ነው። ሽንት ቀንሷል፣ እግር አብጧል፣ የአንገት ሥር ተወጥሯል ተብሎ ይሰጣል። ልቡ እየታፈነ ከሆነ የሚይዘው ወደ እሱ በሚመለሰው ደም ነው፤ መድኃኒቱ ያንን ሲቀንስ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ሽንት በሰዓት በኪሎ ከ0.5 ሚሊሊትር በታች ወርዶ የልብ ምት ከጨመረ፣ ከመርፌው በፊት ፕሮቡ ይቅደም። የደም ግፊት መለኪያውን በእጅ ቀስ ብሎ እየለቀቁ፣ አየር ሲሳብ የላይኛው ቁጥር ከ10 በላይ መውረዱን ማየትም ጥሩ ምልክት ነው፤ የልብ ምቱ የተዛባ ከሆነ ግን አይታመንም።

ፈሳሹ ከምልክት ጋር ከተገኘ ነርሷ የቀዶ ሐኪሙን ወዲያውኑ ትጠራለች። የሚቀጥለው የደም ማቅጠኛ (የዋርፋሪን ወይም የሄፓሪን) መጠን ከመሰጠቱ በፊት ትጠይቃለች፤ ምግብና ውሃ ታቆማለች፤ አስተማማኝ የደም ሥር መስመር ታዘጋጃለች። ልቡ ከቆመ ግን ሥዕል ፍለጋ ጊዜ አይባክንም። ከልብ ቀዶ በኋላ ባሉት ቅርብ ቀናት በሆስፒታል ውስጥ ልቡ ለቆመ ሰው፣ የኤሌክትሪክ ንዝረቱና ጊዜያዊ የልብ ምት ሰጪው ካልመለሱት፣ ደረቱ በ5 ደቂቃ ውስጥ እንደገና እንዲከፈት ነው መመሪያዎቹ የሚያዙት።

ሽንት ቀነሰ ሲባል ምናልባት ፊኛው ሞልቶ አልወጣ ብሎም ይሆናል። ያው ፕሮብ ከእምብርት በታች ተደርጎ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር ይለካና ሦስቱ ተባዝተው በ0.52 ይባዛሉ። 10 በ9 በ9 ከሆነ 420 ሚሊሊትር ገደማ ነው፤ ኩላሊቱ እየሠራ ነው፣ ችግሩ መውጫው ላይ ነው።

ጄልና ጽዳት

የልብ ቀዶ ቁስል ከተመረዘ ወደ ደረት አጥንቱ ይዘልቃል። በየአልጋው የሚዞር፣ እየተሞላ የሚያገለግል የጄል ጠርሙስ ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል፤ በጄል ምክንያት የተነሱ የሆስፒታል ወረርሽኞች ታይተዋል። ለእነዚህ ሰዎች ለአንድ ጊዜ የሚሆን ንጹሕ የታሸገ ጄል ይሁን፤ ቁስሉ አጠገብ ከሆነ ፕሮቡም ስቴራይል ሽፋን ይልበስ። ሲጨረስ መጀመሪያ ጄሉ በወረቀት ይጠረግ፣ ከዚያ አምራቹ በፈቀደው ፈሳሽ ይጽዳ። ጄል ከላዩ ላይ ካለ ማጽጃው ጀርሙ ዘንድ አይደርስም። በአንዳንድ ፕሮቦች ላይ አልኮል የፊቱን ጎማ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ፕሮብ ቢጠረግም በጭራሽ ሊጸዳ አይችልም።

ሥልጠና

የሁለት ቀን ኮርስ የማሽኑን ቁልፎች ያስተምራል፤ እጅን አያስተምርም። የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሐኪሞች ለእያንዳንዱ የምርመራ ዓይነት ከ25 እስከ 50 ልምምድ ይመክራል። ነርሶች ከዚህ ያነሰ ይበቃቸዋል የሚያሰኝ ምክንያት አይታየንም። ልምምዱ የታመሙትን ብቻ ሳይሆን ብዙ ጤናማ ሰዎችን ይጨምር፤ ጤናማውን ያላወቀ ዓይን የተበላሸውን አይለይም። እያንዳንዱ ምርመራ ከ3 እስከ 6 ሰከንድ በሚሆን ተንቀሳቃሽ ምስል ይቀመጥ፤ የካርድ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ ከቀዶ በኋላ ስንተኛ ቀን እንደሆነና አቀማመጡ ይጻፍበት። የልብ ሐኪም በየጊዜው ምስሎቹን አይቶ ካላረመ ነርሷ ስሕተቷን ደግማ ደጋግማ ትለምዳለች፤ ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም።

ወደ እኛ ሲመጣ

በኢትዮጵያ ብዙዎቹ የልብ ቀዶ የሚያስፈልጋቸው ወጣቶችና ልጆች ናቸው፤ በጊዜው ያልታከመ የቶንሲል ሕመም አስከትሎት በመጣው የሩማቲክ ልብ በሽታ ቫልቫቸው የተበላሸባቸው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል የሚታከሙ አሉ፤ እስራኤል ሆሎን ወደሚገኘው የወልፍሰን ሕክምና ማዕከል ሄደው የተመለሱም አሉ። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን ይወስዳል፤ ሚትራል ለሚባለው ቫልቭ የአይኤንአር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ምርመራ) ውጤቱ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ በልብ ዙሪያ ዘግይቶ ደም የመፍሰስ አደጋው ይጨምራል። ይህ ሲሆን በሽተኛው ደሴ ወይም ጅማ ነው፤ ቀዶ ያደረገለት ሐኪም ግን ሩቅ።

በአገራችን አዋላጅ ነርሶች በጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሮችን በአነስተኛ አልትራሳውንድ እንዲያዩ ሠልጥነዋል፤ ነርስ ፕሮብ መያዟ አዲስ ነገር አይደለም። ለእርግዝና የሚያገለግለው ቅስት ፊት ያለው ፕሮብ የሳንባ ዙሪያንና ከደረት አጥንት በታች የልብ ዙሪያን በደንብ ያሳያል፤ ማሽኑን ከእርግዝና ወደ ሆድ ምርመራ መቀየርና ጥልቀቱን ማስተካከል ብቻ ነው። ለልብ ጫፍ መስኮት ግን ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ጎድኖቹ ይጋርዱታል።

ቤቱ የገባ ሰው በመጀመሪያው ወር ትንፋሽ ካጠረው፣ ራሱን ካዞረው፣ ጋደም ማለት ካቃተው ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ከጸናበት በዚያው ቀን ይታይ፤ አይኤንአሩም አብሮ ይለካ። ሲሸኝ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ደግሞ የመጨረሻው ልኬት ይጻፍለት፦ በልብ ዙሪያ ስንት ሚሊሜትር፣ በቀኝና በግራ ሳንባ ዙሪያ ስንት፣ በየትኛው አቀማመጥ፣ በምን ቀን። ደሴ ላይ ፕሮቡን የምታነሳው ነርስ 12 ሚሊሜትር ብታገኝ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት 4 እንደነበረ የምታውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።